አባቴ ያየው የዓሣ አጥር

ባለፈው ጥቅምት ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ አንድ ጥርስ ሐኪም ጋ ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ ዐይኔ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ካላንደር ላይ ዐረፈ። የወሩ ሥዕል የማውቀው ሥዕል ነበር። ሰፊ ወንዝ፣ በግራና በቀኙ ቢጫና ቀይ የለበሱ ዛፎች፣ ከኋላ ጉም የሸፈነው ኮረብታ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ አሜሪካዊ ሠዓሊ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የሣለው ነው። ተነሥቼ ቀረብ አልኩና ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበብኩ። ባለሙያዎች በቅርቡ እንዳስተዋሉት፣ በወንዙ ግራ በኩል የሚታዩት እንጨቶች የወዳደቁ ቅርንጫፎች ሳይሆኑ የምድሪቱ ነባር ሰዎች የሠሩት የዓሣ ማጥመጃ አጥር ናቸው ይላል።

“በቅርቡ” የምትለዋን ቃል ሳይ ደሜ ፈላ። የሐኪሙ ረዳት ስሜን ሁለት ጊዜ ጠርታኝ አልሰማኋትም። በቅርቡ! ያንን አጥር ያየው ሰው ኩን ራፒድስ፣ ወንድሜ ቤት፣ ጉልበቱን እያሸ ተቀምጧል። ካየው ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። አይቶም ዝም አላለም፤ ተናግሯል። በመናገሩ የደረሰበትን እኔ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ለዚያ ያበቃሁትም እኔው ነኝ።

ከነገሩ በፊት ስለ ሰውዬው ልንገራችሁ። አባቴ ጌታሁን ይባላል። አዲስ አበባ ተወልዶ ቢያድግም ወጣትነቱን ያሳለፈው ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ነው። ሥራው የውሃ ልክ ማንበብ ነበር። ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ ተተክሏል፤ እሱ ጠዋትና ማታ እየወረደ ውሃው የት ላይ እንደደረሰ አይቶ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረ። ወንዝ ሊሞላ ሲል ቀለሙ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ሲጎድል ዳርቻው ላይ ምን ትቶ እንደሚሄድ፣ ዓሣ አጥማጆቹ መቼ እንደሚወርዱና መቼ እንደሚመለሱ አብጠርጥሮ ያውቃል። እኔ ስድስት ዓመቴ ላይ ሚኒያፖሊስ ስንገባ ግን ይህን ዕውቀቱን የሚጠይቀው አንድ ሰው አልተገኘም። ሰማያዊ ኮት አልብሰው፣ ሬዲዮ አስይዘው፣ የአንድ ሙዚየም ጥበቃ አደረጉት።

በኔ ዕድሜ ፊሊፕስ ሰፈር ያደጋችሁ ያንን ኑሮ ታስታውሱታላችሁ። እናት ከሺፍት ስትገባ አባት ይወጣል። ልጅ የሚጠብቅ የለም። ክረምቱ ስለሚበረታ እኛ ሴቶቹ ሱዚ የምንዘለው የሕንፃው ኮሪደር ላይ ነበር፤ ላስቲኩን በአንድ በኩል አንዲት ልጅ እግሯ ላይ ታጠልቃለች፣ በሌላ በኩል የተሰበረ ወንበር እንገትራለን። ከየበሩ ሥር የሚወጣው ሽታ ይቀላቀላል፤ የአንዱ ቤት ዓሣ ጥብስ፣ የሌላው ቤት በርበሬ፣ ከታች የልብስ ማጠቢያው ሳሙና። ቅዳሜ ግን እናቴ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ስለምትውል አባቴ እኔን ይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሙዚየሙ መግቢያ አያስከፍልም፤ ስለዚህ እኔም እንደማንኛውም ጎብኚ ገብቼ ከአንዲት ጥግ እቀመጣለሁ፤ እሱ ክፍሉን ይጠብቃል።

የዚያ ክፍል ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። የተወለወለ የእንጨት ወለል ሰም፣ በረዶ የቀለጠበት የሱፍ ካፖርት፣ የጋለ የማሞቂያ ብረት። ከፊት ለፊቴ ያ ወንዝ ተሰቅሏል። አባቴ ሥራ ላይ ሆኖ ማውራት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ክፍሉን ዞሮ በኔ በኩል ሲያልፍ አንዲት ጥያቄ ጣል አድርጎ ይሄዳል።

“ውሃው እየሞላ ነው እየጎደለ?”

ተመልሶ እስኪመጣ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ሥዕሉ ላይ አፈጣለሁ። ሲመጣ “እየጎደለ” እለዋለሁ። “በምን አወቅሽ?” ብሎ ያልፋል። ደግሞ አሥር ደቂቃ። የዛፎቹ ግንድ ላይ ጠቆር ያለ የጭቃ መሥመር አለ፤ ውሃው ከዚያ መሥመር በታች ወርዷል። ያንን ያገኘሁ ዕለት አባቴ ፈገግታውን በእጁ ሸፍኖ አለፈ። ሌሎች ልጆች ቅዳሜ ካርቱን ያያሉ፤ እኔ ወንዝ ማንበብ ተማርኩ።

አንድ ቀን ወደ ሥዕሉ ግራ እንዳይ ነገረኝ። እዚያ፣ ጥላው ውስጥ፣ ከውሃው ብቅ ያሉ ቀጫጭን እንጨቶች አሉ። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ቀጥ ብለው ቆመው እንደተከፈተ አፍ ወደ ሁለት ወገን ይዘረጋሉ። “ቅርንጫፍ ነው” አልኩት።

“ውሃ ያመጣው እንጨት ይተኛል፤ ቆሞ ካየሽው ሰው ነው ያቆመው” አለኝ።

ማታ እቤት ገብተን እራት ስንበላ አብራራልኝ። ባሮ ላይ ዝናቡ አብቅቶ ውሃው መጉደል ሲጀምር አጥማጆቹ ጥልቀት በሌለው በኩል ችካል ይተክላሉ፤ መሐል መሐሉን በቀጭን እንጨት ይጠልፉታል፤ ዓሣው ከወራጁ ጋር ሲመጣ እዚያ ጠባቡ ጋ ይያዛል። ሥዕሉ ላይ ያለውም ያው ነው አለኝ። ሠዓሊው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያየውን ነው የሣለው፤ ሰዎቹ ባይታዩም ቤታቸው ቅርብ ነው። ይህ የሁለታችን ምስጢር ሆኖ ከረመ።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርት ቤታችን ለፊልድ ትሪፕ ወደዚያው ሙዚየም ወሰደን። ሳምንቱን ሙሉ “አባቴን ታዩታላችሁ” እያልኩ ስለፈልፍ ሰነበትኩ። ባሱ ውስጥ በወረቀት ከረጢት የያዝነው ሳንድዊች ሲሸት፣ መስታወቱ በትንፋሻችን ሲደበዝዝ፣ ልቤ በደስታ ሲመታ ትዝ ይለኛል። ክፍሉ ጋ ስንደርስ አባቴ በሩ አጠገብ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሟል። ጫማውን አሳምሮ ወልውሎታል፤ እንደምንመጣ ያውቅ ነበር። በዐይኑ ብቻ ሰላም አለኝ።

አስጎብኚያችን መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጸጉሯ ሽበት የሆነ ሴት ነበረች። ወለሉ ላይ አስቀመጠችንና ስለ ሥዕሉ መናገር ጀመረች። ድምፅዋ ጣፋጭ ነበር፤ ይህን አልክድም። “ልጆች፣ ይህ የሰው እጅ ያልነካው ምድር ነው። ማንም አልኖረበትም። እግዚአብሔርና ወንዙ ብቻ” አለች።

እጄን አወጣሁ።

“እዚያ የዓሣ አጥር አለ” አልኩ።

ሣቀች። “የኔ ቆንጆ፣ እነሱ የወደቁ ቅርንጫፎች ናቸው።”

“አይደሉም። ቅርንጫፍ ቢሆን ይተኛል። ሰው ነው ያቆማቸው።”

ልጆቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። ሴትየዋ አሁንም ፈገግታዋን አላጠፋችም፤ ግን ጠበብ አድርጋዋለች። “ይህን ማን ነገረሽ?” አለችኝ።

በኩራት ጣቴን ወደ በሩ ቀሰርኩ። “አባቴ።”

ሃያ ስምንት ልጅ ዞሮ አየው። እሷም አየችው፤ ፊቱን ሳይሆን ኮቱን። አባቴ መናገር እንደሌለበት ያውቃል። ግን ልጁ ነኝ፤ ብቻዬን ተነጥዬ ቀርቻለሁ። ሁለት እርምጃ ወደፊት መጥቶ፣ በዚያ በሚጠነቀቅለት እንግሊዝኛው፣ “ይቅርታ እመቤት፣ ልጅቷ ልክ ናት። እኔ በአገሬ ወንዝ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከፈቀዱልኝ ላሳይዎት” አለ።

“ጌታው፣ እባክህ ወደ ቦታህ ተመለስ” አለችው። “ያንተ ሥራ ሥዕሉን መጠበቅ ነው፤ ማስረዳት አይደለም።”

አንድ ልጅ ሣቀ። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉት። አባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ እጁን ወደኋላ አጣመረ። ፊቱን አላየሁትም፤ ማየት አልቻልኩም። ከወለሉ ተነሥቼ “አንቺ አታውቂም! እሱ ያውቃል!” ብዬ ጮኽኩ። አስተማሪያችን ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደር አወጣኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ጸጥታ የሚመርጥ ሰው ነበር። አሁኑኑ ይቅርታ እንድጠይቃት አዘዘኝ። እንቢ አልኩ።

ስንመለስ ባሱ ውስጥ ማንም አላናገረኝም። ሰኞ፣ ሴትየዋ ለሙዚየሙ ቅሬታ ማቅረቧ ተሰማ። ለትምህርት ቤቱም ደብዳቤ መጣ፤ በጽሑፍ ይቅርታ ካልጠየቅሁ በሚቀጥለው ጉዞ ላይ እንደማልሄድ ተነገረኝ። አባቴን ሱፐርቫይዘሩ ጠራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥዕሎቹ ክፍል አውጥተው የጭነት መኪና የሚራገፍበት የኋላ በር ላይ መደቡት።

እናቴ ወሬውን ስትሰማ የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤት መሐል ቆመች። “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” አለች። እኔ ደብዳቤውን አልጽፍም ብዬ አልጋ ሥር ገባሁ። አባቴ መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰም።

“ውጪና ጻፊ” አለኝ።

“እሷ ናት የተሳሳተችው!”

“እሷ ናት። አንቺ ግን ንግግሯን አቋርጠሻል። ላቋረጥሽው ይቅርታ በይ። ለተናገርሽው አትበይ።”

እንደዚያው አድርጌ ጻፍኩ። አምስት መሥመር ነበር። ስለ አጥሩ አንድ ቃል አላነሣሁም፤ ተሳስቻለሁም አላልኩም። ልዩነቱ የገባቸው አይመስለኝም። እኔም ያኔ አልገባኝም፤ አባቴ የፈራ መስሎኝ ለብዙ ጊዜ ተቀየምኩት። በልጅ ልብ ውስጥ እንዲህ ያለ ቂም ሲያድር ምን እንደሚያደርግ ማንም አልጠየቀኝም።

አባቴ የኋላው በር ላይ ሦስት ክረምት ቆመ። ሚኒሶታን የሚያውቅ ሦስት ክረምት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። መኪናው በመጣ ቁጥር ትልቁ በር ይከፈታል፤ ንፋሱ እንዳለ ይገባል። የጣቶቹ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። እናቴ ማታ ማታ በቫዝሊን ታሽለታለች። ድሮ ሲያቅፈኝ የወለል ሰም ይሸተኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የናፍጣና የካርቶን ሽታ ሆነ። ወንዙን ግን ዳግም ሲያነሣ አልሰማሁትም። ስናደድ “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ይለኛል። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ “እያደር ማለት ስንት ዓመት ነው?” ብዬ ጮኼበታለሁ። በመጨረሻ ሥራውን ትቶ የተማሪ ባስ ድራይቭ ማድረግ ጀመረ። ወደ ሙዚየሙ አልተመለሰም። እኔም እግሬን አላነሣሁም።

እንግዲህ የጥርስ ሐኪሙ ካላንደር ላይ “ባለሙያዎች በቅርቡ” የሚለውን ሳነብ የተሰማኝን ገምቱት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ወዲያው ደወልኩለት። ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኩት። እንደ ሕፃን ባለ ድምፅ፣ “አዩት?” አለኝ። “በመጨረሻ አዩት?” ደስ ብሎታል! ያ ደስታው ይበልጥ አበገነኝ።

ቅዳሜ ኩን ራፒድስ ሄጄ ከወንድሜ ቤት ወሰድኩት። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ጠበቀኝ። ሙዚየሙ ውስጥ መንገዱን እኔ ሳልመራው እሱ መራኝ። ሥዕሉ ክፍል ቀይሯል፤ ግን አገኘው። ከፊቱ አግዳሚ ወንበር አለ። ያን ያህል ዓመት ሥዕሉን ጠብቆ አንድም ቀን ከፊቱ ተቀምጦ እንደማያውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ወደ መረጃ ጠረጴዛው ሄጄ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። አንድ ወጣት አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና፣ “ታሪክሽን ስላካፈልሽን እናመሰግናለን” አለኝ። ኢሜይል የምልክበትን አድራሻ ጽፎ ሰጠኝ። ታሪክ ላካፍለው አልመጣሁም፤ የተወሰደብንን ለመጠየቅ ነው የመጣሁት። ልጁን ምን ልበለው፤ ያኔ አልተወለደም ይሆናል።

ስመለስ አባቴ ተነሥቶ ሥዕሉ ላይ ሊለጠፍ ደርሷል። አንዲት ወጣት ጥበቃ አጠገቡ መጥታለች፤ ኦሮምኛ በሚያጅበው ጣፋጭ አማርኛ፣ “አባባ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉልኝ፤ ሴንሰሩ ይጮሃል” አለችው።

“ልክ ነሽ ልጄ፣ አጠፋሁ” ብሎ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ። ከዚያ ግን ዝም አላለም። ከሥዕሉ ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳያት። “የተተወ የዓሣ አጥር ይላል፤ አየሽ? ሰዎቹ ትተውት የሄዱ መስሏቸዋል። መሐሉን እይው። የተጠለፈው እንጨት ገና አረንጓዴ ነው። ውሃው ጎድሏል፣ አጥሩ አዲስ ነው። ሰዎቹ አልሄዱም። ይህ ሥዕል ሲሣል እዚያው ነበሩ።”

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። “እውነትም አረንጓዴ ነው” አለች። “ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ!”

እኔም አየሁ። በልጅነቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ያፈጠጥኩበት ሥዕል ነው፤ ያቺን አረንጓዴ አይቻት አላውቅም።

ወደ ኩን ራፒድስ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ የማይናደድ፣ ሁሉንም የረሳ ሰው አድርጌ ቆጥሬው፣ “ለነገሩ አንተ ደስ ካለህ ይበቃል፤ ልተወው” አልኩት።

ወደኔ ዞረ። በዕድሜዬ ሁሉ አይቼው የማላውቀው ፊት ነበር። “ማን ደስ አለው አለሽ?” አለኝ። “ሲያዩት ደስ አለኝ። እኔን ግን አላዩኝም። አንቺ ፊት፣ የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ፊት፣ እንደ ዕቃ ወደ ቦታህ ተመለስ አለችኝ። ይህ የሚረሳ ነው? ጻፊላቸው። በስሜ ጻፊ። የውሃ ልክ አንባቢ መሆኔንም ጻፊ።”

ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ አባቴ የረጅም ጊዜ አገልግሎት ያመሰግናሉ፤ ያልኩትን የሚያረጋግጥ ነገር ግን በመዝገባቸው ውስጥ አላገኙም። እንዴት ይገኛል? እሱን ያስነሡበት ቅሬታ ይኖራቸው እንደሆነ እንጂ፣ የተናገረውን ማን መዘገበው?

ልጅ እያለሁ ትልልቅ ሰዎች ዝም የሚሉት ነገሩ ስለማይሰማቸው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አባቴ ያኔ የነበረበት ዕድሜ ልደርስ ጥቂት ነው የቀረኝ። በምሠራበት ክሊኒክ የማውቀውን ስናገር “እሱን ለኛ ተይው” እባላለሁ፤ ያኔ አባቴ ልጁ እያየችው ወደ ግድግዳው የተመለሰባት እርምጃ ምን ያህል ትከብድ እንደነበር ይገባኛል። ያኔ ቁጣው የኔ ብቻ መስሎኝ ብቻዬን ተሸክሜው አደግሁ። አሁን ሁለት ነን። ስለ አረንጓዴው እንጨት ሁለተኛ ደብዳቤ ልኬያለሁ። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይደውላል፤ ሰላምታም ሳይጨርስ፣

“መለሱ?” ይለኛል።

“ገና ናቸው።”

“ድገሚላቸው።”